አባቴ፣ የእናቴ ልቅሶና የጓያው ጥያቄ፤ ስለ ሞተር ነርቭ በሽታ የምታውቁ አስረዱኝ

የመንዟ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ መሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬ ነው። 61 ዓመቱ ነው። አምና ሰኔ ላይ ሲያርስ እርፉ ከቀኝ እጁ ያመልጠው ጀመር። "ብርዱ ነው" አለን። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ጥር ላይ አንደበቱ ተያዘ። ጠላ በአፉ ሳይዞር ንግግሩ እንደ ሰካራም ይጎተት ጀመር። አንድ የግል ክሊኒክ ሪህ ነው ብሎ ሁለት ወር ሙሉ መርፌ ወጋው። ሌላው ታይፎይድ ነው አለ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስደነው የነርቭ ስፔሻሊስት አየው። ጡንቻው ላይ ቀጭን መርፌ እየሰካ በኤሌክትሪክ መረመረው። ምላሱ ቁጭ ባለበት ሲርገበገብ ለእኔም አሳየኝ። "የሞተር ነርቭ በሽታ ነው፣ ኤኤልኤስ ይባላል። የሚያድነው መድኃኒት እስካሁን የለም" አለን።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው የእናቴ ነው። ወገኖቿ ጅሩ ናቸው፣ ጓያ በየዓመቱ ከዚያ ይመጣልናል፣ ከአተርና ከሽንብራ ጋር ለሽሮ እናስፈጨዋለን። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ "ጓያ ሰበረው" ይላል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ሽሮ ሠርታ አታውቅም። ማታ ማታ ታለቅሳለች። እውነት ጓያው ነው?

ሁለተኛው የእኔ ነው። ስለ በሽታው ሳነብ "የሕዋስ አጽም" እና "የሕዋስ መከፋፈል" የሚያጠኑ ሰዎች ስለ ኤኤልኤስም ሲጽፉ አየሁ። የነርቭ ሕዋስ አንዴ ካደገ አይከፋፈልም ይባላል። ታዲያ የእነሱ ሥራ ከአባቴ በሽታ ጋር ምን አገናኘው?

ሲስተር እነዋሪ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አባትሽን ምሕረቱን ይላክላቸው።

እነዋሪ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጓያ የጎዳውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁና ከእሱ ልጀምር፤ የእናትሽ ልቅሶ ለነገ ማደር የለበትም። አባትሽን የያዛቸው ጓያ አይደለም።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ሰውን የሚጎዳው ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻውን ሲበላ ነው፤ ለሁለት ወርና ከዚያ በላይ ዋና ምግብ ሲሆን። ለሽሮ የተቀላቀለ ጓያ ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ጓያ የሚይዘው እግርን ነው። እግር ይገተራል፣ ጉልበት ለጉልበት ይጋጫል፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይረግጣል። በአንድ ሌሊትም ሊመጣ ይችላል። ጓያውን ሲተው ግን በሽታው ካለበት አይገፋም። ምላስ አያርገበግብም፣ እጅ አያመነምንም።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ሰው እንዲንቀሳቀስ ሁለት ነርቭ ይቀባበላል። አንዱ ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል። ሌላው ከሕብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻ ድረስ ይሄዳል። ጓያ የሚጎዳው የላይኛውን ነው። ኤኤልኤስ ሁለቱንም ይጎዳል። የታችኛው ሲጎዳ ነው ጡንቻ የሚሟሽሸውና የሚርገበገበው። ስፔሻሊስቱ ምላሳቸውን ያሳየሽ ለዚህ ነው።

ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ የሠራሽው ሽሮ ባልሽን አልጎዳም።

ጅሩ ሜዳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሲስተር ያለችውን እኔም እመሰክራለሁ። አጎቴ በ77ቱ ድርቅ ነው የተሰበረው። እኛ ጋ መሬቱ መረሬ ነው። ዝናብ ቢጠፋም፣ ውኃ ቢተኛበትም ጓያ አይሞትም፣ ለዚህ ነው በክፉ ቀን የሚተርፈው እሱ ብቻ የሚሆነው። አጎቴ ያኔ 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከዚያ ወዲህ ምርኩዙን አልጣለም። ግን እጁ ብረት ነው፣ ዛሬም አጨዳ ላይ ተቀምጦ ነዶ ያስራል። አንደበቱማ ሰርግ ላይ ማንም አይችለውም።

እኛ ሰፈር ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ይሰብራል፣ ገለባው ላይ የተኛ ይሰበራል የሚሉም አሉ። ውሸት ነው፣ የሚጎዳው ሲበላ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ከገብስና ከስንዴ ጋር መብላትም ይረዳል። ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እህቴ፣ ለሁለተኛው ጥያቄሽ እኔ ልሞክር። ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት። አሁን ውጭ አገር ላብራቶሪ ውስጥ የሕዋስን አጽም አጠናለሁ። ማታ ጽሑፍሽን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጠሪያ ስምሽን ሳይ እናትሽ ሳትፈትል አትቀርም አልኩ። እንዝርት በእጇ ካለ ግማሹ ነገር ገብቷታል ማለት ነው።

ሕዋስ ውስጡ ውኃ የሞላበት ከረጢት ብቻ አይደለም። ቅርጹን የሚይዙ ዘንጎችና ክሮች አሉት። እነሱን ነው የሕዋስ አጽም የምንላቸው። ዓይነታቸው ሦስት ነው። ቀጭኑ አክቲን ይባላል፣ ስፋቱ 7 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። መካከለኛው 10 ገደማ ነው፣ ነርቭ ውስጥ ኒውሮፊላመንት ይባላል። ወፍራሙ ማይክሮቲዩቡል ነው፣ 25 ናኖሜትር። ወፍራም ማለቴ እነሱ መካከል ነው እንጂ ከጸጉርሽ በሺዎች ጊዜ ይቀጥናል። ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው። ቲዩቡሊን ከሚባል ፕሮቲን እንደ ጡብ እየተደረደረ ይሠራል፤ ሲያስፈልግ ይረዝማል፣ ሳያስፈልግ በቅጽበት ይፈርሳል።

ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል እነዚህ ቱቦዎች ከሁለት ጫፍ ተነሥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ። ቅርጹ መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾል ያለ ነው። ሳይንቲስቶቹም ስሙን ከፈታይ ነው የወሰዱት፣ እንዝርት ይሉታል። የዘር መረጃ የያዙት ክሮሞዞሞች መሐል ላይ ይሰለፋሉ። ቱቦዎቹ እኩል አድርገው ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ ይጎትታሉ። ቲዩቡሊኑ አረንጓዴ እንዲያበራ አድርገን በማይክሮስኮፕ ስናየው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ነርቭ ግን አይከፋፈልም፣ እንዝርትም አይሠራም። ያንኑ ቱቦ መንገድ ያደርገዋል። እግር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ዋና አካሉ ጀርባ ውስጥ፣ ሕብለ ሰረሰር ላይ ተቀምጧል። ጭራው እግር ድረስ ይወርዳል። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ ሕዋስ ነው። ጭራው የሚፈልገው አብዛኛው ነገር የሚሠራው እላይ፣ ዋናው አካል ውስጥ ነው። ስለዚህ ተጭኖ መውረድ አለበት። ጫኙ ካይኔሲን ይባላል። በፈረንጆቹ 1985 ነው የታወቀው፣ ከባሕር እንስሳ ከስኩዊድ ትልቅ ነርቭ። ሁለት እግር አለው፤ ቱቦው ላይ በ8 ናኖሜትር እርምጃ ይሄዳል። ከጀርባ እስከ እግር ብትቆጥሪው 125 ሚሊዮን እርምጃ ነው። አንዱ ብቻውን አይዘልቀውም፣ ይቀባበላሉ። ቆሻሻውንና ያረጀውን ወደ ላይ የሚመልሰው ደግሞ ዳይኒን የሚባል ሌላ ጫኝ ነው። ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ እግር ለመድረስ ከሁለት ቀን ተኩል እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። የአጽሙ ጡብ ራሱ ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። እግር ለመድረስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል።

አሁን መንገዱ ሲበላሽ አስቢው። ጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ የሚራበው ሩቁ ጫፍ ነው፣ ጡንቻ የሚነካው። ሌላ ሕዋስ ቢሆን ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ተከፍሎ ይተካዋል። ነርቭ አይከፈልምና ተተኪ የለውም። የመከፋፈል ምርምርና የአባትሽ በሽታ የሚገናኙት በዚያ ቱቦ ነው።

የጣርማ በር እናት | ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡10

ይቅርታ ልግባ። ልጄ የደም ካንሰር ነበረበት፣ አሁን ተመስገን ደህና ነው። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት ሲወስድ እግሩ ደነዘዘ። ደረጃ ሲወርድ እግሩ ይንሸራተት ነበር። ሐኪሙ "ነርቭ ይነካል፣ ይተወዋል" አለኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አሁን የጻፍከውን ሳነብ ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን አልኩ።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡55

እትዬ፣ እንኳን ልጅዎን እግዜር ማረልዎ። አዎ፣ ያው ቱቦ ነው።

ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር ከመጣች አበባ የሚወጣ መድኃኒት ነው። ቲዩቡሊን ላይ ይጣበቅና ቱቦው እንዳይሠራ ያደርጋል። ካንሰሩ ያለ ማቋረጥ ስለሚከፋፈል እንዝርት ያስፈልገዋል፤ እንዝርት ሲያጣ ይሞታል። ልጅዎን የረዳው ይህ ነው። ግን መድኃኒቱ የካንሰርን ቱቦ ከነርቭ ቱቦ አይለይም። ነርቭም መንገዱ ይታወክበታል፣ ሩቁ ጫፍ፣ እግር፣ ቀድሞ ይደነዝዛል። የልጅዎ በሽታ ኤኤልኤስ አይደለም፣ ወደዚያም አይለወጥም። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱ ሲቆም ቀስ በቀስ ይሻለዋል።

ጥያቄዎ ግን ነገሩን ከእኔ ይልቅ አሳይቷል። የሕዋስ መከፋፈልን ለማስቆም ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት ነርቭ ላይ ጉዳት ማድረሱን ሐኪሞች ድሮ ነው ያዩት።

ተጉለቴው | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን ልናገር። ይህች እህታችን አባቷን ይዛ ስንት ቦታ ተንከራተተች። ሪህ ተባለ፣ ታይፎይድ ተባለ። ከመንዝ አዲስ አበባ ለመድረስ ስንት ብር ወጣ? እኛ የነርቭ ሐኪም ለማግኘት ስንቸገር ስለ ናኖሜትር ማውራት ለሕመምተኛው ምን ይፈይድለታል? ቱቦ አወቅን፣ ከዚያስ?

የመንዟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡35

ወንድሜ ተጉለቴው፣ አልተቀየምኩህም። ትናንት ብትጽፈው እኔም "እውነት ነው" እል ነበር።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቤት ደወልኩ። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ እናቴ ጆሮ ላይ ያዘላት። እየፈተለች ነበር። ሲስተር ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ የእንዝርቱን ነገር ነገርኳት። "እማዬ፣ እጅሽ ላይ ያለውን ዓይነት ሰውነታችን ውስጥም አለ። አባዬ ጋ ክሩ የሚሄድበት ነው የተበጠሰው" አልኳት። ወንድሜ እንደነገረኝ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው። የተባዘተው የበግ ጸጉር በግራ እጇ እንደተንጠለጠለ ነበር። "ታዲያ ከእኔ እጅ አይደለም?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። "በይ እሺ" አለችና መልሳ አሾረችው። ዛሬ ማታ ሽሮ ተሠርቷል ብሎ ወንድሜ አሁን ጻፈልኝ።

ቱቦ ማወቅ ለእኛ ቤት ይህን አደረገ።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ተጉለቴው "ከዚያስ?" ማለቱ ተገቢ ነው። ባጭሩ ልመልስ።

በሽታውን ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1869 ለይቶ ገልጾታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ከምናምን በጨለማ ነው የተሄደው። አሁን በጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ የአጽሙ ጂኖች ተበላሽተው ተገኝተዋል። በ2003 ዳይኒንን የሚረዳው ዳይናክቲን (ለኤኤልኤስ ቅርብ በሆነ የሞተር ነርቭ በሽታ)፣ በ2012 አክቲንን የሚሰበስበው ፕሮፊሊን፣ በ2014 ራሱ ቲዩቡሊን፣ በ2018 ከካይኔሲኖቹ አንዱ። እነዚህ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ግን አራቱም ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ መንገዱና ወደ ጫኙ ነው።

ብዙኃኑስ? በ2006 ቲዲፒ-43 የሚባል ፕሮቲን በአብዛኞቹ የኤኤልኤስ ሕመምተኞች ነርቭ ውስጥ ከቦታው ወጥቶ ተጓጉሎ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ይህ ፕሮቲን ከቦታው ሲጠፋ ነርቭ ስታዝሚን-2 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን በትክክል መሥራት እንደሚያቅተው ታወቀ። ስታዝሚን-2 ከቲዩቡሊን ጋር የሚሠራ ነው፣ የተጎዳ ጭራ ተመልሶ እንዲያድግ ይረዳል። ይህን ጉድለት ለማስተካከል የታሰበ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ተጀምሯል። መፈተን እንጂ ማዳን አላልኩም።

ዛሬ በዋናነት በእጅ ያለው መድኃኒት ሪሉዞል ነው። ከ1995 ጀምሮ አለ። ዕድሜ ላይ የሚጨምረው ወራት ነው። ሐኪሙ ካዘዘላችሁ ጉበት በደም ምርመራ መታየት አለበት። የሚገርመኝ ነገር አለ፣ ሪሉዞል የሚቀንሰው ግሉታሜት የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ ነው። የጓያው ኦዳፕ ደግሞ ግሉታሜትን መስሎ ነው ነርቭ የሚያቃጥለው። ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ ናቸው፣ ጉዳታቸው ግን አንድ ቦታ ይነካካል።

የመንዟ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እግዜር ይስጥልኝ። ይወረሳል ወይ? ወንድሞቼ ፈርተዋል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ "ሁለቱን በሬ ሽጡና ውጭ አገር የስቴም ሴል መርፌ ይወጋ" ይላል።

ማይክሮስኮፕ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ከ10 ሕመምተኛ በ9ኙ ገደማ በቤተሰብ ሌላ ሰው የለውም። ከአባትሽ ወገን፣ አያትና አጎት ድረስ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ወይም በጎልማሳነት የመጣ የመርሳት በሽታ ከሌለ ወንድሞችሽ ይረጋጉ። ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። በፈረንጆቹ 2023 አሜሪካ ውስጥ ቶፈርሰን የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፣ ግን ኤስኦዲ1 የተባለ ጂናቸው ለተበላሸ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። መሥራቱ ከታየባቸው ምልክቶች አንዱ ነርቭ ሲፈርስ የሚፈስሰው ኒውሮፊላመንት መቀነሱ ነው፣ ያው የአጽሙ ስብርባሪ።

በሬዎቹን አትሽጡ። ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። የሚሸጠው የስቴም ሴል መርፌ ኤኤልኤስን እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። እውነተኛ የሕክምና ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛውን ገንዘብ አያስከፍልም።

ሲስተር እነዋሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እኔ ደግሞ ዛሬ ማታ የሚሆነውን ልናገር። መዋጥ ከከበዳቸው ቀጭን ነገር ነው የሚያንቃቸው፣ ውኃና ሻይ። ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ቆሎና የሚፈረፈር ዳቦ ይቅርባቸው። ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸውን ትንሽ ወደ ደረታቸው ዝቅ ያድርጉ። በልተው ወዲያው አይተኙ። ጸበል የሚጠጡ ከሆነ ተቀምጠው በማንኪያ፣ ፉት ፉት ይበሉ። ተኝተው አፋቸው ላይ እንዳይፈስባቸው። ለካህኑም ንገሯቸው፣ ይረዷችኋል።

ጠዋት ራስ ምታት ካለባቸው፣ ሌሊት ከደነገጡ፣ ጠፍጣፋ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠራቸው የመተንፈሻ ጡንቻ እየደከመ ሊሆን ይችላልና አታዘግዩ። ክብደታቸው ከቀነሰ ስለ መመገቢያ ቱቦ ሐኪሙን በጊዜ ጠይቁ። ትንፋሽ ሳይደክም ነው የሚሻለው።

ደግሞ አእምሯቸው ደህና ከሆነ ከአልጋቸው በላይ ስለ እሳቸው አትንሾካሾኩ። ይሰማሉ።

ዲያቆኑ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

አባትሽ ዳዊት ደግመዋል? ጠይቂያት እናትሽን። በዚህ በሽታ የዓይን ጡንቻ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የፊደል ገበታ ግዙና ግድግዳው ላይ ስቀሉ። አንድ ሰው ቁልቁል ይጥራ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ። የፈለጉት ቤት ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ይክደኑ። ከዚያ ወደ ጎን፣ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ። እንደገና ይክደኑ። የፈረንጅ ፊደል እንዲህ አይመችም። የእኛው ሁሉም በረድፍ ተሰልፏል፣ አንድ ፊደል ደግሞ ሙሉ ድምፅ ነው። በሁለት ጭፍንታ አንድ ፊደል ይገኛል።

የመንዟ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡15

ቅዳሜ ቤት ገባሁ። ገበታውን ደብረ ብርሃን ገዝቼ ሄድኩ። አባዬ በልጅነቱ የኔታ ዘንድ ተምሯል፣ ገና ሳንጠራለት ዓይኑ መስመሩ ላይ ይቀድመን ነበር።

መጀመሪያ ቀን ተሳስተን ተሳስተን ተውነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንድሜ ጠራ። አሥረኛው ላይ ከደነ፣ በ። ግዕዙ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ረ ቤት፣ ኃምስ። ሬ። ቀጥሎ ወ ቤት፣ ሳድስ። ው።

አራተኛው ፊደል ላይ ሳንደርስ እናቴ ከመደቡ ብድግ ብላ ወጣች። በሬው ፀሐይ ላይ ታስሮ ነበር።